ፓምፕ ሲቃጠል ብቻ የሚጠራ ስብሰባ!

ኧረ እባካችሁ! ድሬ ኮንዶሚኒየም ላይ በሰኔ ሙቀት ሦስተኛ ፎቅ ውሃ የሚጠፋው ሁልጊዜ መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ተቃጥሎም ነው። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ እዩት። ያው ነጭ ቅርፊት ታች ታንከር ውስጥ ያለውን፣ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋውን ተንሳፋፊ ስዊች ይይዘዋል። ውሃው ቢያልቅም ፓምፑ አይቆምም። በደረቁ ሲሽከረከር መጀመሪያ በዘንጉ ዙሪያ ውሃ የሚያግደው ማሸጊያ («ሲል» የሚሉት) ይቃጠላል፤ ከዘንጉ ሥር ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዚያ ኩሽኔታው ይዝጋል፤ በመጨረሻ ሞተሩ አልዞር ይልና ሽቦው ይነድዳል። ጠብ ማለት ሲጀምር ቢደረስበት እኮ ማሸጊያውን መቀየር ብቻ ነበር! በየ3 ወሩ ስዊቹን አውጥቶ ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ምን ያቅታል?

ሲነድ ግን በማታ በር እያንኳኩ መዋጮ። አንዱ «እኔ ምድር ላይ ነኝ፣ ፓምፕ አያገባኝም» ይላል። የጋራ ንብረት ነው፣ ያገባዋል!

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፓምፑ ከነመግጠሚያው 54,000 ብር ቢሆንና 3 ዓመት ቢያገለግል፣ ለ30 አባወራ በወር 50 ብር ነው። ችግሩ ይህ ብር ከጥበቃና ከጽዳት ደመወዝ ጋር ተደባልቆ በየወሩ መበላቱ ነው። ለጥገና ለብቻው የባንክ ደብተር ይከፈት፣ ያለ ሁለት ፈራሚ አይውጣ፣ የወሩ ደረሰኝም ደረጃው ሥር ይለጠፍ!