ጌታው ሲሞት የማይደርቅ አትክልት

አክስቴ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ከጉራጌ አገር ሊጠይቁኝ ለንደን መጥተው ነበር። አንድ እሑድ አበባ ይወዳሉ ብዬ ኪው ጋርደንስ ወደተባለው የዕፅዋት ማዕከል ወሰድኳቸው። እርሳቸው ግን ጽጌረዳውን በወጉ ሳያዩ አለፉና ከመስታወት ቤቶቹ በአንደኛው ውስጥ ድንገት ቆሙ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና ቀና ብለው ትልቁን ቅጠል ተመለከቱ።

«ይሄማ እንሰት ነው» አሉ። «ማን አመጣው?»

ከግንዱ ሥር ጥቁር ሰሌዳ ተተክሏል። በነጭ ፊደል የወገኑ ስም፣ የሳይንስ ስሙና የሚበቅልበት አገር ተጽፎበታል። ከላይ አንድ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ተክሉ ወደ አትክልት ስፍራው የገባበትን ዓመት ይናገራሉ። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።

«እኛ የምንጠራው ስም የለበትም?»

አልነበረበትም።

«ማን አመጣው?» ላሉት ግን መልስ አለው፤ መልሱም ከታሪካችን የራቀ አይደለም። በ1853 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የእንሰት ፍሬ ወደ ኪው የላከው በምፅዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው፤ ያው የአፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ የምንለው። የኪው ሰዎች ፍሬው የምን እንደሆነ መጀመሪያ አላወቁም። ዘርተው፣ ተንከባክበው፣ አድጎ ሲገዝፍ ነው ከብዙ ዓመት በፊት ጎንደር የደረሰው ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ የገለጸው እንሰት መሆኑ የታወቃቸው።

ፍሬው ያረፈበት ቦታ ራሱ ከመነሻው የዕፅዋት ማዕከል አልነበረም። በቴምዝ ወንዝ ዳር ነገሥታቱ ከከተማው ጭስ የሚሸሹበት የገጠር ርስት ነበር፤ ያውም ሁለት ርስት። በሪችመንድ በኩል ንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊና ንግሥት ካሮላይን፣ በጎን በኪው ደግሞ ከ1730ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ልጃቸው አልጋ ወራሹ ፍሬደሪክ ተቀመጡ። አባትና ልጅ ዓይንና ናጫ ነበሩ። በሁለቱ ርስቶች መካከል አንድ የሕዝብ መንገድ ያልፍ ነበር። ዛሬ እዚያው መስመር ላይ እሾሃማ ቅጠል ያላቸው ዛፎች በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል፤ እኔና አክስቴም በዚያው ስንሄድ የሁለት ጠበኞች ድንበር ላይ መሆናችን ትዝ ይለኝ ነበር።

ፍሬደሪክ በ1751 ንጉሥ ሳይሆኑ ሞቱ። የጀመሩት አትክልት አብሯቸው ሊቀበር ይችል ነበር። ባለቤታቸው ልዕልት ኦገስታ ግን አልተዉትም። በ1759 ዊሊያም ኤይተን የተባለ አትክልተኛ ቀጥረው ከርስታቸው ዘጠኝ ኤከር ያህል መሬት ለመድኃኒትና ለብርቅ ዕፅዋት ለዩ። የዛሬው ኪው ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ዓመት ነው። የአማካሪያቸው የሎርድ ቢዩት አጎት፣ የአርጋይል መስፍን፣ ዛፍ ከየአገሩ እያስመጡ በራሳቸው ርስት ይተክሉ ነበር። መስፍኑ በ1761 ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት ምርጥ ምርጡ ዛፍ ከነሥሩ እየተነቀለ ወደ ኪው ተጓዘ። ከእነዚያ አንዱ ጊንኮ ዛሬም ቆሟል። ግንዱን በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ሻካራና ቀዝቃዛ ነው። የመስፍኑ ርስት ተቆራርሷል፣ ዛፉ ግን በሰው እጅ ተሻግሮ ተርፏል።

ቀጥሎ የመጣው የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊና የዕፅዋት ሊቁ የጆሴፍ ባንክስ ዘመን ነው። ንጉሡ የአያታቸውንም የእናታቸውንም ርስት ወርሰው አንድ አደረጉት፤ መካከለኛው መንገድም በ1802 ተዘጋ። ባንክስ በበኩሉ ዕፅዋት ለቃሚዎችን ወደ ዓለም ዳርቻ መላክ ያዘ። ፍራንሲስ ማሰን በ1772 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በ1775 ያመጣው ዘንባባ መሳይ ተክል እስከ ዛሬ በገንዳው ውስጥ ሕያው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከመወለዳቸው ከአርባ ዓመት በፊት የተተከለ፣ አሁንም ውኃ የሚጠጣ!

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ 1820 ነው። በዚያ ዓመት ንጉሡም ባንክስም ሞቱ። ሁለት ሰዎች ሞቱና ያ ሁሉ ክምችት ወላጅ እንዳጣ ልጅ ሆነ። ቀጥሎ የመጡት ነገሥታት ደንታ አልነበራቸውም። ሃያ ዓመት ያህል አትክልቱ እየሳሳ ሄደ። በ1838 የዕፅዋት ሊቁ ጆን ሊንድሊ ሁኔታውን መርምሮ የመንግሥት የሳይንስ ማዕከል ይሁን የሚል ሪፖርት ጻፈ፤ ከባለሥልጣናቱ መካከል ግን ዕፅዋቱን አስወጥቶ በመስታወት ቤቶቹ ወይን ለማብቀል ያሰቡ ነበሩ። ለአንድ ማዕድ ወይን ሲባል ከየዓለሙ የተሰበሰበ ሊበተን! ነገሩ ሲሰማ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ1840 አትክልቱ ከቤተ መንግሥት እጅ ወጥቶ ለአገር ተሰጠ። በማግሥቱ ዓመት ዊሊያም ሁከር ዳይሬክተር ሆነ፤ በዚያ ዓመት የጎበኘው ሰው ዘጠኝ ሺህ ያህል ነበር። ትልቁ የዘንባባ ቤትም ከ1844 እስከ 1848 ተሠራ።

ከዚያ በኋላ ኪው በንጉሥ ዕድሜ ላይ ተንጠልጥሎ አያውቅም። ዳይሬክተር ይሞታል፣ ሌላ ይተካል፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ግን በመዝገቡ ይኖራል። ደርቀው በወረቀት ላይ የተጣበቁት ናሙናዎች ብቻ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ማን ለቀመው፣ የትና መቼ የሚል ጽሑፍ አለው።

ያመሰገንኩትን ያህል የማልሸፍነው ነገር አለ። ይህ መዝገብ የቅኝ ግዛትም መሣሪያ ነበር። በ1876 እንግሊዛዊው ሄንሪ ዊክሃም ከብራዚል 70,000 ያህል የጎማ ዛፍ ዘር ወደ ኪው አመጣ፤ የበቀለው ችግኝ ወደ ሴይሎንና ወደ ማላያ (ወደ ዛሬዎቹ ስሪላንካና ማሌዥያ) ተላከ፤ ውሎ አድሮም የብራዚል የጎማ ገበያ ወደቀ። ዘሩ የተለቀመበት አገር ሕዝብ ምን አተረፈ? የእኛን እንሰት ሳይ ይህ ጥያቄ ከልቤ አይወጣም።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። ባደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር የአንድ ደጃዝማች ግቢ ነበር። እኔ ሳውቀው ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ነው። ዝግባ ነበረበት፤ ኮሶ ነበረበት፤ አጥሩን ተጠግቶ አንድ ያረጀ ትርንጎ ነበረ። የደጃዝማቹ አትክልተኛ የነበሩ አንድ አባባ እዚያው ዘበኛ ሆነው ቀርተው ነበር። የትኛው ዛፍ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተከለው፣ ለምን በሽታ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ማንም ወረቀት ይዞ አልጠየቃቸውም። እኔም ትርንጎ ከመስረቅ በቀር አልጠየቅኳቸውም። እርሳቸው ሞቱ። ዝግባው ለአዳራሽ ተብሎ ተቆረጠ፣ ኮሶው ለማገዶ፤ ትርንጎው በምን እንደሄደ እንኳ የሚያስታውስ የለም። ግቢው ከመኳንንቱ እጅ ወጥቶ የሕዝብ መባሉን አልቃወምም፤ የሚቆጨኝ ሕዝቡ የወረሰው ነገር ምን እንደሆነ ሳይነገረው መቅረቱ ነው።

ሁሉም እንዲህ አልጠፋም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል፤ ስድስት ኪሎ በዛፍ ጥላ ሥር ያጠና ሁሉ ያውቀዋል። በእንጦጦ ተራራ ግርጌም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለን፤ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሆነ። ኪው 130 ሄክታር ያህል ነው፤ የእኛ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን የሸፈነውን ባሕር ዛፍ በአገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ አንድ ትውልድ የሚበቃው አይደለም። ከመሥራቾቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ ተመዝግበው ያለቁት በመጨረሻ እርሳቸው በመሩት ሥራ ነው፤ ከ1980 እስከ 2009 የፈጀ። ኪው ራሱ ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን ሸልሟቸዋል። ስማቸው በእኛ ቤት እንደ አንድ ኳስ ተጫዋች ስም እንኳ አለመታወቁ ያሳዝነኛል። ለንደን ላይ ኪው ጋርደንስ ፎቶ የተነሡ ስንት አበሾች ጉለሌን በስም እንኳ አያውቁትም!

ያን እሑድ አክስቴ ስለ ሰሌዳው ማሰባቸውን አልተዉም። ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ «ወረቀት አለህ?» አሉኝ። የገዛናቸውን ትኬቶች የያዘ ፖስታ ነበረኝ፤ ጀርባውን ገለበጥኩ።

«ጻፍ። አስታራ። ጓርየ። እነዚህ ለሕመምተኛ ናቸው። ፈረዝየ። አጋደ።» እያንዳንዱን ስም በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ እያደረጉ ነገሩኝ፤ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ። አንዱን ተክል አንድ ስም ብቻ ሰጥቶ የተወውን ሰሌዳ እያረሙት ነበር። አሥራ አንድ ስም ጻፍኩ። ሦስቱ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉና «እነዚህ አሁን ከጓሮዬ ጠፍተዋል» አሉኝ። በጎናቸው «የጠፋ» ብዬ ምልክት አደረግኩ።

ፖስታው ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከጥቂት ወራት በኋላ አክስቴ ደወሉ። ከጠፉት አንዱን በሌላ መንደር አንዲት ዘመዳቸው ጓሮ አግኝተው ችግኙን ወስደው ተክለዋል።

«ከጻፍከው ላይ ‹የጠፋ› ያልከውን ሰርዝልኝ» አሉ።

ሰረዝኩት፤ በጎኑም 2017 ዓ.ም. ብዬ ጻፍኩ።