ዝገት ላይ ቀለም አትቀቡብን!

አሮጌውን አይሱዙዬን ደብረ ብርሃን ጋራዥ አስገብቼ ሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን ከስር የሚሸከመው ብረት፣ ጥቁር ተቀብቶ፣ እያብለጨለጨ ወጣልኝ። ደስ አለኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከስሩ ዝገቱ እንዳለ ነበር!

ቢፋቅ ምን ነበረበት? በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ መፋቅ፣ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ አንቲረስት የሚባለውን ዝገት መከላከያ መቀባት። ቀለም ከዚያ በኋላ ነው። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ዝገቱ ብረቱን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። የፍሬን ቱቦውም እኮ የሚያልፈው እዚያው ስር ነው! የጣርማበርን ጉም፣ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው እንዴት እንዲህ ይሠራል?

ጭቃውንስ አሁን ከየጉዞው በኋላ ከስር በውሃ አስመታዋለሁ። ግን መኪናዋ ልትፋቅ እንደገና ቆማለች። እንደገና ወጪ፣ እንደገና ሥራ መፍታት። በጣም ነው ያንገበገበኝ።