ማሸነፍ ቢያቅት ጥፋተኛ መች ይጠፋል

የአሜሪካ ተራማጆችን ሳላመሰግን ብሞት ይቆጨኛል። ሌላው ሰው ምርጫ ሲሸነፍ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል። እነሱ ግን ኖቬምበር 6 ቀን 2024 ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ጥፋተኛውን ይዘው ብቅ አሉ። ካሊፎርኒያ ገና ድምፅ ቆጥራ አልጨረሰችም። ምርመራው ግን አልቆ ፍርዱ ተሰጥቷል። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና የትኛው ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው?

ውጤቱን ለረሳ ሰው ባጭሩ ላስታውስ። በግዛት ተወካዮች ድምፅ (ኢሌክቶራል ኮሌጅ) ሪፐብሊካኑ ትራምፕ 312፣ የዴሞክራቶቹ ካማላ ሐሪስ 226። ስዊንግ ስቴት የሚባሉት፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚያዘነብሉት ሰባት ግዛቶች አንድም ሳይቀሩ ወደ ትራምፕ ሄዱ። በሕዝብ ድምፅም በ1.5 በመቶ ገደማ በለጠ። ከ2004 ወዲህ አንድ ሪፐብሊካን በሕዝብ ድምፅ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ጋ ሰነፍ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ «ምን ነካን?» ይላል። ጎበዝ ግን «ማን ነካን?» ብሎ ይነሳል።

ድሮ አገር ቤት ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ይሰክራል፣ ወገቡን ታስሮ መንደሩን ይሮጣል፣ ከዚያ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። አሜሪካኖቹ ይህን ጥበብ ከየት እንዳገኙት አላውቅም፣ ግን አሻሽለውታል። የኛ ልጅ የት እንደሚወድቅ ቢያንስ አስቀድሞ አይታወቅም ነበር። የነሱ ልጅ ሁልጊዜ የሚወድቀው ከምርጫው በፊትም በሚጠላው ጎረቤቱ ደጅ ነው።

ግራ ዘመሙ ልጅ ሮጠ ሮጠና ሊዝ ቼኒ ደጅ ተዘረረ። ካማላ ኦክቶበር 3 ቀን ትራምፕን ከምትቃወመው ሪፐብሊካን ቼኒ ጋር ዊስኮንሲን ውስጥ ሪፐን ላይ መድረክ ወጥታ ነበር። ሪፐን ማለት የሪፐብሊካን ፓርቲ ተወለደብኝ የምትል ከተማ ናት። በቃ፣ እሷ ናት የገደለችን! የግራ ዘመሞቹ ሴናተር ጋሽ በርኒ ሳንደርስም ከምርጫው ማግስት መግለጫ አወጡ። ፓርቲው ሠራተኛውን ስለተወው ሠራተኛውም ፓርቲውን ቢተወው ሊገርመን አይገባም አሉ። ጋሽ በርኒ ይህንኑ ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩ ኖረዋል። ካማላ ብታሸንፍም ይሉት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ምናልባት ልክ ናቸው፣ ግን ዛሬ የምናደንቀው ፍጥነትን ነው።

መሀል ሰፋሪው ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ሮጦ ትራንስጀንደሮች ደጅ ወደቀ። የትራምፕ ዘመቻ፣ ካማላ ለነሱ ነው የቆመችው ትራምፕ ግን ለናንተ የሚል ማስታወቂያ አሠርቶ በፉትቦል ጨዋታ መሀል ሁሉ ሲያስተላልፈው ነበርና፣ ያ ነው የጣለን ተባለ። ማስታወቂያው ሠርቶ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፣ ይህን ያለው ሰው ከምርጫውም በፊት ጉዳዩ የማይመቸው ሰው ነው። ቼኒ ናት ያለውም ከምርጫው በፊት ቼኒን ማየት የማይወድ ነው። ጋዛ ነው ያለውም ፌብሩዋሪ ላይ በሚሺጋን ቅድመ ምርጫ ባይደንን በጋዛ ጦርነት ለመቃወም «ለማንም አልወሰንኩም» የሚለው ላይ ምልክት ካደረጉት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ወገን ነው። «እኔ ስደግፈው የነበረው ነገር ነው ያስሸነፈን» ብሎ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ያየ ካለ ይጠቁመኝ፣ ቡና እጋብዛለሁ።

የጋሽ ጆ ባይደን ነገር ደግሞ ለብቻው ቅኔ የሚዘረፍለት ነው። እስከ ጁን 27 ድረስ ስለ ሰውዬው ዕድሜ ያነሳ ሁሉ የትራምፕ ተላላኪ ነበር። ስብሰባ ላይ ቢያዩዋቸው ወጣቱ አይደርስባቸውም፣ ሁሉን ነገር በቃላቸው ነው የሚያውቁት ሲባል ከረመ። ጁን 27 ማታ አትላንታ ላይ ክርክሩ ተካሄደ፣ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። በነጋታው ያው ሰው፣ በዚያው አፉ፣ «እኛማ ድሮም ስንል ነበር» ብሎ ተነሳ። ከሁሉ የማደንቀው ይህችን ናት። ሌላው ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ትንሽ ይደነቃቀፋል፣ ያፍራል፣ «እንግዲህ…» ብሎ ይጀምራል። እነሱ አንዲት ሌሊት በቂያቸው ናት፣ ያውም ተኝተውባት።

ጋሽ ጆ ጁላይ 21 ቀን ከውድድሩ ወጡ። ካማላ 107 ቀን ቀራት። ከሽንፈቱ በኋላ የቀድሞዋ አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ፣ ቀደም ብለው ወጥተው ቢሆን ኖሮ ሌሎች እጩዎችም ይገቡ ነበር አሉ። የባይደን ሰዎች፣ እናንተ ባትገፏቸው ኖሮ አሉ። ጋሽ ጆ ራሳቸው፣ ብቀጥል አሸንፍ ነበር ብለው እንደሚያምኑ ተናገሩ። ካማላ ደግሞ ሴፕቴምበር 2025 ላይ መጽሐፍ አወጣችና የመወዳደሩን ውሳኔ ለጋሽ ጆና ለባለቤታቸው መተው ግድየለሽነት ነበር አለች። ይህን ያለችው ያን ጊዜ ምክትላቸው የነበረችው ሴት ናት። ከምርጫው በፊት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርባ፣ ከባይደን የተለየ ምን ታደርጊ ነበር ተብላ ስትጠየቅ ምንም ወደ ሐሳቤ አይመጣም ያለችውም እሷው ናት። በዓመቱ መጣላት። አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም ይባላል። የፓርቲው አርማ አህያ ስለሆነ ተረቱ የሚሠራ መስሎኝ ነበር፣ ግን ጥርስ የቀረው ሰው አላይም።

አሁን ወደ መራጩ እንምጣ። እዚህ ጋ ተራማጆቹ ራሳቸውን በለጡ።

ሰውን በዘሩ አትፈርጁ፣ ሁሉም ሰው የራሱ ታሪክ አለው ሲሉን የከረሙ ወገኖች ኖቬምበር 6 ጠዋት አገሪቱን በዘርና በፆታ እየቆራረጡ አከፋፈሏት። የላቲኖ ወንዶች ከዱን። ነጭ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ሸጡን። ጥቁር ወንዶች፣ እነሱንማ ኦባማ ኦክቶበር ላይ ፒትስበርግ ድረስ ሄዶ ተቆጥቷቸው ነበር፣ አልሰሙም። ወጣት ወንዶች፣ ትራምፕ ቀርቦበት ካማላ የቀረችበት ጆ ሮጋን የሚባል ፖድካስት በላቸው። የሚሺጋኗ ከተማ የዲርቦርን ዓረቦችማ፣ እነሱ የዘሩትን ይጨዱ። አንዳንዱ ደግሞ፣ ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ትራምፕን የመረጠ ላቲኖ ቤተሰቡ ከአገር ሲባረር እንዳያለቅስ ብሎ ጻፈ። ከላይ የመገለጫ ፎቶው ላይ «ማንም ሰው ሕገወጥ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አለ። በዘር ቆጠራ እኛን የሚስተካከል የለም ብዬ እኮራ ነበር፣ እጅ ሰጥቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ መሀል ግን የኔ ተወዳጅ ጂል ስታይን ናት። ግሪን የሚባለው የትንሹ ፓርቲ እጩ። በ2016 ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያገኘችው ድምፅ ሂላሪ ክሊንተን ከተሸነፈችበት ልዩነት ይበልጥ ነበር፣ ስለዚህ ያን ጊዜ የተበሳጨ ሰው ቢያንስ ሒሳብ ነበረው። በ2024 ግን በሦስቱም ግዛቶች የስታይን ድምፅ ተጠራርጎ ለካማላ ቢሰጥ ያው ትሸነፋለች። ሚሺጋንን ብቻ እንኳ ብናይ ልዩነቱ 80 ሺህ ገደማ ነው፣ የስታይን ድምፅ 50 ሺህም አይሞላ። ሒሳቡ ጠፋ፣ ብስጭቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። 77 ሚሊዮን ሰው ትራምፕን መርጧል፣ ከነሱ ጋር መጣላት ይከብዳል፣ ስታይን ግን ብቻዋን ናት።

ሪፐብሊካኖች እንኳ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የላቸውም። በ2020 ሲሸነፉ ጥፋተኛ ፍለጋ ጊዜ አላጠፉም፣ ጭራሽ አልተሸነፍንም አሉ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ኮንግረሱ ሕንፃ ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ተራማጆቹ በዚህ አራት ዓመት ሙሉ ሲስቁ ቆዩና በ2024 ማግስት «20 ሚሊዮን ድምፅ የት ገባ?» የሚል ጽሑፍ መቀባበል ጀመሩ። ባይደን በ2020 ያገኘው 81 ሚሊዮን ነበርና ቀሪው ተሰርቋል፣ ስታርሊንክ በሚባለው የኢሎን መስክ ሳተላይት ነው የተወሰደው፣ ወዘተ። ድምፁ ካሊፎርኒያ ነበር። እየተቆጠረ። ቆጠራው ሲያልቅ ካማላ 75 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ጽሑፉን ያጋራው ሰው አላጠፋውም፣ ዝም ብሎ ብሉስካይ ወደሚባለው ሌላ ማኅበራዊ ገጽ ተዛወረ።

አንዳንድ አሰልቺ ሰዎች ደግሞ አሉ። እነሱ የሚያነሱት የኑሮ ውድነትን ነው። ጁን 2022 ላይ የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፣ ሰው እንቁላል በገዛ ቁጥር ያስታውሰዋል ይላሉ። በዚያው በ2024 በዓለም ዙሪያ ሥልጣን ላይ የነበረ ፓርቲ አብዛኛው ተመታ ይላሉ። የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች ወደቁ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኤኤንሲ አብላጫውን አጣ፣ በሕንድ የሞዲ ፓርቲ ብቻውን መንግሥት መመሥረት አቃተው፣ በጃፓንም ገዢው ጥምረት አብላጫውን ተነጠቀ፣ ቦትስዋና ውስጥ ከ1966 ጀምሮ ሲገዛ የኖረው ፓርቲ ከአሜሪካው ምርጫ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ተሸኘ። እኔ ይህን አልቀበልም። የቦትስዋናው ፓርቲ ጆ ሮጋን ጋ ስላልቀረበ መሆን አለበት። እንግሊዞቹም ሊዝ ቼኒን ይዘው ዞረው ይሆናል፣ ማን አየ።

እነዚሁ አሰልቺዎች ኒው ጀርሲንም ያመጣሉ። ባይደን በ16 ነጥብ ያሸነፈበትን ግዛት ካማላ ያሸነፈችው ከ6 ባነሰ ነጥብ ነው። እዚያ ማን ዘመቻ አካሄደ? ማን ማስታወቂያ ረጨ? ማንም ማለት ይቻላል። ዘመቻው ብር የፈሰሰባቸው ስዊንግ ስቴቶች ወደ ትራምፕ ያጋደሉት ከሌላው አገር ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ሰበቡ አንድ መድረክ፣ አንድ ማስታወቂያ፣ አንድ ፖድካስት ባይሆንስ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይነሳና ማንም አይሰማውም፣ ምክንያቱም በዚህ መልስ የሚሰደብ ሰው የለም። የእንቁላል ዋጋን ሰድቦ ማን ላይክ አገኘ?

ይህን ሁሉ የሚጽፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኔ ዓይነቱ ጎረቤት ነው። ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ። ደጁ ላይ «በዚህ ቤት የምናምነው» የሚል ባለ ቀለም ሰሌዳ ተክሏል። ሜሪላንድ ለዴሞክራት እንደምትሰጥ ፀሐይ እንደምትወጣ ያህል እርግጥ ነው። የፔንሲልቬንያ ድንበር በመኪና ሁለት ሰዓት አይፈጅም፣ እዚያ ሄዶ አንድ በር ያንኳኳ እንደሆነ ብጠይቀው ይቀየመኛል ብዬ ተውኩት። በጥፋተኞች ዝርዝሩ ውስጥ አገር ሙሉ ሕዝብ አለ። እሱ የለበትም። የሰሌዳው የፊደል መጠን እንኳ ከጥፋት ነፃ ነው።

የኛ ሰዎች በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ቀርተዋል። በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ምርጫ ላይ፣ የባይደን መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተናደዱ አበሾች ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ቅስቀሳ አደረጉ። ዴሞክራቱ ማክኦሊፍ በሁለት ነጥብ ገደማ ሲሸነፍ «እኛ ነን የጣልነው!» ብለው ጨፈሩ። ጥፋተኛ በሚፈለግበት አገር ሮጦ እጁን የሚያወጣ ሕዝብ። ዴሞክራቶቹ ግን ዞር ብለው አላዩንም። ያን ጊዜ የተማሪ ወላጆችን በመውቀስ ተጠምደው ነበር።

እና ደግሞ ሲያሸንፉም ያው ናቸው። ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ግራ ዘመሙ ዞህራን ማምዳኒ የኒው ዮርክን ከንቲባነት፣ መሀል ሰፋሪዋ አቢጌል ስፓንበርገር የቨርጂኒያን አገረ ገዢነት አሸነፉ። ግራ ዘመሙ ማምዳኒን ብቻ አየ፣ መሀል ሰፋሪው ስፓንበርገርን ብቻ። ሁለቱም በዚያው ማታ ትክክል እንደነበሩ አረጋገጡ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብለናል።

ፓርቲው ራሱ ግን ጨዋነት ሞክሮ ነበር። ሊቀመንበሩ ኬን ማርቲን የ2024 ሽንፈት ለምን እንደደረሰ ሰፊ ጥናት አስጀመሩ፣ ሰዎች በየግዛቱ ተጠየቁ፣ ሪፖርት ተዘጋጀ። ዲሴምበር 2025 ላይ አይታተምም አሉ። ወደፊት ለማሸነፍ ከምናደርገው ጥረት ያዘናጋናል ነው ምክንያቱ። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ ግን ይበል ብያለሁ። ሪፐብሊካኖች በ2013 የራሳቸውን ሽንፈት መርምረው፣ ለስደተኛው ልብ ካልሰጠን አንኖርም ብለው ጽፈው፣ አሳትመው፣ ከዚያ የተጻፈውን ገልብጦ የሠራውን ሰው እጩ አድርገው አሸንፈውበታል። በሪፖርት የተጠቀመ ማን አለ? ደግሞስ ለማን ይታተማል? እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሪፖርት ኖቬምበር 6 ጠዋት ጽፎ ጨርሷል፣ ያውም ያለ በጀት።

የ2028 እጩ ማን እንደሚሆን ገና አልታወቀም። የካሊፎርኒያው መሀል ሰፋሪ ገቪን ኒውሰም የሚሉ አሉ፣ ኤኦሲ የምትባለው የኒው ዮርኳ ግራ ዘመም ኦካሲዮ-ኮርቴዝ የሚሉ አሉ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢሸነፍ የሌላኛው ደጋፊ ምን እንደሚጽፍ ከወዲሁ ስላወቅኩት በዚህ በኩል ስጋት የለኝም። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጂል ስታይን ያን ጊዜ 78 ዓመት ይሞላታል። ደክሞኛል፣ አልወዳደርም ብትልስ?