ወንዙን የተሻገረችው ሽጉጥ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጃችን ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ቤት ሲቀይር ዕቃ ልናግዘው ሄድን። ሶፋው ወረደ፣ አልጋው ወረደ፣ የልጆቹ ሳይክል ወረደ። በመጨረሻ ከራሱ መኪና ትራንክ አንዲት ጥቁር የብረት ሳጥን አወጣ። የምሳ ዕቃ ታክላለች፣ ተቆልፋለች። ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይዟት ሲገባ ምን እንደሆነች ለሁላችንም ገባን። እኔም ቤት እንደዚያ ያለች ሳጥን አለችኝ።

ነርስ የሆነችው ጓደኛችን ካርቶን እየቀደደች ቀና አለች። «ይቺን ታስመዘግባታለህ አይደል?»

«ምኗን ነው የማስመዘግበው? በሕግ የገዛኋት ናት። ሱቁ ውስጥ ቅጽ ሞልቻለሁ፣ ወንጀል እንደሌለብኝ አጣርተዋል፣ ደረሰኙም አለኝ።»

«እሱ ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ነዋሪ ከሆንክ ሽጉጥህን በ90 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ፖሊስ ማስመዝገብ ግዴታህ ነው።»

ወዳጃችን ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣትና ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር። ዓይኔ ግን የሄደው ወደ ሌላ ሰው ነው። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ገና ያልተከፈተ ካርቶን ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ይቆጥራሉ። እሳቸው ከቨርጂኒያ ወደዚህ የመጡት ካቻምና ነው።

«መቼ ነው ይሄ ሕግ የወጣው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከ2013 ኦክቶበር ጀምሮ ነው የሚሠራው ጋሼ።»

«ታዲያ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም? መንጃ ፈቃዴን ስቀይር ቁመቴን ሳይቀር ጠይቀው ጽፈዋል። ሽጉጥ ይዘው ከመጡ እንዲህ ያድርጉ የምትል አንዲት ወረቀት ቢሰጡኝ ምን ነበረበት?»

ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ተኩስ መለማመጃ ቦታ የማይጠፋው ልጅ ማውረዱን ትቶ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎን ያመለጠዎት እኮ አንድ ቦታ የቆመ ሕግ ነው። እኛን ያቃጠለን የሚመላለሰው ነው» አለ። እና የብሬሱን ታሪክ አመጣ። ብሬስ ከትልልቅ ሽጉጦች ኋላ ተገጥሞ ክንድ ላይ የሚታሰር ድጋፍ ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው በአንድ እጁ ለሚተኩስ አካል ጉዳተኛ ነበር። በ2012 የጦር መሣሪያ የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት (ATF) ችግር የለውም ብሎ በደብዳቤ መለሰ። ሰው ገዛ፣ በብዛት ገዛ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ያው መሥሪያ ቤት ሐሳቡን ቀየረና ብሬስ የተገጠመለት አብዛኛው ሽጉጥ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃ ነው አለ። ያንን ሳያስመዘግቡ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ቀነ ገደቡ ሜይ 31 ነበር።

«እኔ ሜይ ውስጥ ፈታሁት። በመጋዝ ለሁለት ቆርጬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። በዓመቱ፣ ጁን 2024፣ ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻረው። ያልቆረጠው ጓደኛዬ ምንም አልሆነ፤ የእኔ ገንዘብ ግን ሄደ። አሁን ቀጣዩ ደንብ ሲመጣ ማን ነው ቶሎ የሚታዘዘው?»

ይቺ ጥያቄ ከበደችኝ። ልጁ ሕግ አክባሪ ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን ያከበረውን ሰው የሚያስቆጭ አሠራር ሁለተኛ ጊዜ ማን ያከብረዋል?

ልጁ አልበቃውም፣ ባምፕ ስቶክንም ጨመረ። ጠመንጃ ላይ ተገጥሞ ተኩስን እንደ መትረየስ የሚያፈጥነው ዕቃ ማለት ነው። ከ2019 ማርች ጀምሮ አስረክቡ ወይም አጥፉ ተባለ፣ ካሣ የለም፤ ጁን 2024 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 እገዳውን አፈረሰው።

ነርሷ አቋረጠችው። «ቆይ፣ እሱን ከብሬስህ ጋር አትቀላቅለው። በ2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ ኮንሰርት ላይ የነበረ ሕዝብ የተፈጀው በሱ ነው። ሕጉን ሰዎች ደስ ስላላቸው አልቀየሩትም፣ ሬሳ ተቆጥሮ ነው። በጥይት የተመታ ልጅ ይዤ አሳንሰር ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ። ሕግ ተቀየረብኝ ስትሉኝ እሱ ነው የሚመጣብኝ።»

ለጥቂት ጊዜ የማሸጊያ ፕላስተር ሲላጥ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ቤት የቀየረው ወዳጃችን ነው ዝምታውን የሰበረው። «እኔ ሕጉ ለምን ተቀየረ አላልኩም። ንገሩኝ ነው የምለው። የመኪናዬ ምዝገባ ሊያልቅ ሲል ፖስታ ይመጣልኛል። የሽጉጡስ ለምን አይመጣም?»

«ማን ይላክልህ?» አለችው። «ሽጉጥ እንዳለህ የሚያውቅ የለማ። የሞላኸው ቅጽ የቀረው ሱቁ ጋ ነው። የፌዴራል መንግሥት የባለ መሣሪያዎችን መዝገብ እንዳይይዝ በ1986 በሕግ ተከልክሏል፤ ያስከለከሉትም የእናንተ ወገን ተሟጋቾች ናቸው። ስሜን አትያዙ ትላላችሁ፣ መልሳችሁ ደግሞ ደብዳቤ ላኩልኝ ትላላችሁ።»

ልጁ እንኳ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ትንሽ ቆይቶ ግን በ2013 ኒው ጀርሲ ውስጥ የሆነውን አነሳ። የፊላደልፊያ ሴት ናት፣ የልጆች እናት። የፔንሲልቬኒያ የመያዣ ፈቃድ፣ ማለትም ሽጉጥ ታጥቆ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አላት፣ በሁሉም ስቴት የሚሠራ መስሏታል። ትራፊክ ሲያስቆማት ሽጉጥ መያዟን ራሷ ነገረችው። በዚያችው ቃሏ ተያዘች፣ ቢያንስ 3 ዓመት ተኩል የሚያስፈርድ ክስ ተከፈተባት። ከረጅም እስር ያዳናት የሕዝቡ ጩኸት ነው፣ በ2015 ደግሞ የስቴቱ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ምሕረት አደረጉላት። «እውነት ስለተናገረች እኮ ነው!» አለ ልጁ እጁን እያወናጨፈ። ነርሷም እዚህ ላይ አልተከራከረችውም።

እኛ ያለንበት አካባቢ ደግሞ የባሰ ነው። የቨርጂኒያ የመያዣ ፈቃድ ሜሪላንድ አይሠራም፣ ዋሽንግተን ዲሲም አይሠራም። ሰው በየቀኑ ድልድይ ተሻግሮ ሥራ ይሄዳል፤ ጠዋት ሕጋዊ የነበረ ሰው ቡናው ሳይበርድ ወንጀለኛ ይሆናል። አላፊ መንገደኛን የሚከልል የፌዴራል ሕግ አለ፣ እሱም የ1986ቱ ነው። የሚከልለው ግን በተነሳበትም በሚደርስበትም ቦታ መሣሪያውን መያዝ የተፈቀደለትን ሰው ብቻ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆን አለበት፤ እሱም ጥይቱም እጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ። ትራንክ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ፤ የዳሽቦርዱ ኪስ ቢቆለፍም አይቆጠርም። ይሄን ስንቱ ያውቃል? ከአምስታችን ሁለቱ ብቻ ናቸው ያወቁት።

እኔ ያን ቀን ብዙ አልተናገርኩም፣ አሁን ልናገር። አብዛኛውን ነርሷ ትክክል ናት። ሰው ሊገድል የሚችል ዕቃ ቤቱ ያስገባ ሰው፣ ሕጉን ፈልጎ የማወቅ ዕዳ የራሱ ነው። አላወቅሁም ማለት ለመኪና እንኳ አይሠራም። ስቴት ከመሻገራችን በፊት የዚያን ስቴት ፖሊስ ገጽ እንክፈት፣ ካልገባን ጠበቃ እንጠይቅ፣ እሱም ካልሆነ ሽጉጡ ቤት ይቅር። ልጁ «ይቀየራል፣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ» ወደሚለው ያዘነበለ ይመስለኛል፤ ብስጭቱ ይገባኛል፣ መንገዱ ግን ወደ እስር ቤት ነው። ዳኛ ደንቡን የሚሽረው አንተ ከተያዝክ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በጋሼ ጉዳይ ግን ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ሳይደብቅ፣ ማንንም ሳይጎዳ፣ ቀን ያለፈበትን ሰው በራሱ እግር ሲመጣ መዝግቦ ማሰናበት እንጂ እንደ ሌባ ማየት ማንንም ከጥይት አያድንም። መንጃ ፈቃድ የሚቀይረው መሥሪያ ቤትም ለመጣ ሁሉ፣ ስም ሳይጠይቅ፣ አንድ ገጽ ወረቀት መስጠት ይችላል። ለዚያ መዝገብ አያስፈልግም። ሽጉጥ ያለው ያነበዋል፣ የሌለው ይጥለዋል። ወረቀቱ እስኪመጣ ጋሼ ብቻቸውን ሽጉጣቸውን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ እንዳይሄዱ፣ መጀመሪያ ጠበቃ ያናግሩ ብያቸዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት አብሬያቸው እሄዳለሁ።