«ፍሬን በጥሶ ነው» የምርመራ ውጤት አይደለም

ደጋግሞ የሚሠራ አንድ የፊልም ታሪክ አለ። ማታ መድረክ ላይ የምትዘፍን፣ ቅዳሜና እሑድ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ መኪና የምታሽቀዳድም ወጣት፣ የቅርብ ጓደኛዋ መኪና ተገልብጦበት ይሞትባታል። ሰው ሁሉ «አደጋ ነው» ሲል እሷ አላምንም ትላለች። በሁለት ዘፈን መሃል ጋራዥ ገብታ መኪናው ሥር ትተኛለች፤ በቢላ የተቆረጠ የፍሬን ቱቦ ታገኛለች፤ ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ገዳዩም ይያዛል።

ይህን የሚያይ የድሬዳዋ ሾፌር ቢስቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ልጅቷ በአንድ ነገር ትበልጠናለች፦ መኪናው ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት ደርሳ አይታዋለች። እኛ ዘንድ ወደ ድሬዳዋ ከሚያወርደው የደንገጎ ቁልቁል መኪና ወርዶ ሰው ከሞተ፣ ሬሳው ሳይነሳ «አቦ፣ ፍሬን በጥሶ ነው» ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ያነሳል፣ ክሬን መጥቶ መኪናውን ይጎትታል፣ ጎማና ባትሪው በየአቅጣጫው ይሄዳል። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለን ስም ማውጣቱን ተክነንበታል። ስም ከወጣለት በኋላ ማን ይጠይቃል?

«ፍሬን በጠሰ» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለት ነው፤ የሦስቱም ተጠያቂ ይለያያል። ወይ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፣ ወይ ሸራውና ሸራው እየተጫነ የሚያቆመው ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት፣ ታምቡሩ፣ ግሎ መያዝ አቅቶታል፣ ወይ ዘይቱ የሆነ ቦታ ፈስሷል።

በደንገጎ ቁልቁለት መጀመሪያ የሚጠረጠረው መፍላቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መመዘኛው ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ጭነቱን ጨምሮ 8 ቶን የሚመዝን አይሱዙ 100 ሜትር ከፍታ በወረደ ቁጥር 23 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ጉልበት ይለቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይይዝለታል። በአራተኛ ማርሽ እየወረደ ፍሬኑን ከረገጠ ግን ያ ሁሉ ሙቀት ታምቡር ላይ ይከመራል። ከአወዳይ ጫት ጭኖ፣ ዋጋው ሳይወርድ ለመድረስ በሚበር መኪና ላይ የትኛው እንደሚመረጥ መገመት አይከብድም። ዘይቱ ጎማው ጋ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ሸራውን አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። መኪናው ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም እንደ ድሮው ይጠነክራል። ጠዋት መካኒክ መጥቶ ይረግጠውና «ፍሬኑ ደህና ነው» ይላል። ከዚህች ቃል ሁለት ስህተት ይወለዳል። አንዱ ወገን «እንግዲያው ሾፌሩ ተኝቶ ነበር» ይላል። ቤተሰብ ደግሞ «እንግዲያው ልጃችንን አንድ ሰው አንድ ነገር አድርጎታል» ብሎ ጎረቤት ይጠረጥራል። ሁለቱም ያላዩት ታምቡሩን ነው። ተፈትቶ ቢታይ፣ በጣም የጋለ ታምቡር ወደ ሰማያዊ ይጠቁራል፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሸራውም እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። ዘይቱም መመርመር አለበት። ናሙናው ከላይኛው ማጠራቀሚያ ብቻ ሳይሆን ጎማው ጋ ካለው ማስተንፈሻ ቡሎን ጭምር ይቀዳል፤ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ተሞልቶ ወዲያው ይከደናል። ክፍት ካደረ ሌላ እርጥበት ስለሚጠጣ ምርመራው ዋጋ ያጣል። መጥቆሩን ብቻ አይቶ «አሮጌ ነው» ማለት አይበቃም።

ወደ ተቆረጠው ቱቦ እንመለስ። እውነት ለመናገር፣ ቱቦ መቁረጥ ፊልሙ እንደሚያሳየው አይሠራም። የዛሬ መኪኖች ፍሬናቸው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ መስመር ባዶ ቢሆን ሌላው ይቀራል፤ ፔዳሉ ዝቅ ይላል፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ይበራል። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ አንድ መስመር ብቻ ነበራቸው፤ በሐረር ታክሲነት የምናውቀው ፔዦ 404 የዚያ ዘመን ልጅ ነው። አንድ መስመርም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ቱቦ በጥቂት ርግጫ ዘይቱን ይተፋል። ሾፌሩ ገና ከሰፈሩ ሳይወጣ ያውቀዋል፤ ደንገጎ አፋፍ ድረስ አያደርሰውም። በአየር በሚሠራው ሲኖ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የኋላ ጎማዎቹን ለቆ የሚያቆያቸው የአየር ግፊቱ ነው፤ አየሩ ሲያልቅ ውስጥ ያለው ጠንካራ ሞላ ፍሬኑን ይቆልፈዋል። «የአየር ቱቦ ቆርጠውበት ቁልቁል ተለቀቀ» የሚል ወሬ ስለዚህ ብቻውን አይቆምም።

ሆኖም ይህ ማለት ቱቦው አይታይ ማለት አይደለም። ጫፉ ብዙ ይናገራል። በስለት የተቆረጠ የጎማ ቱቦ ጫፉ ለስላሳና ወጥ ነው፤ ውስጡ ያለው የክር ሽመናም እኩል ተቆርጧል። በእርጅና የፈነዳ ቱቦ አብጦ፣ በቁመቱ ተተርትሮ፣ ክሩ ተንጨፍሮ ይገኛል። በግጭቱ የተበጠሰ ደግሞ መጀመሪያ ተስቦ ነው የሚለቀው፤ ጫፉ የተጎተተና ያልተስተካከለ ይሆናል። የብረት ቱቦ ሲሆን ዝገቱ ከውጭ ወደ ውስጥ እየበላ አቅጥኖት እንደሆነ ወይም የመጋዝ ጥርስ ጭረት እንዳለበት በአጉሊ መነጽር ይለያል። መርማሪው ቱቦውን ማውጣት ካለበት ከተጠረጠረው ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ይቆርጥና የራሱን ቁራጭ በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ያለበለዚያ የትኛው የሱ፣ የትኛው የወንጀለኛው እንደሆነ ፍርድ ቤት ሲጠየቅ መልስ ያጣል።

ዘይቱ የፈሰሰበት ቦታም ሌላ ምስክር ነው፤ ይህ ምስክር የሚገኘው ግን መኪናው ባደረበት እንጂ በወደቀበት አይደለም። መሬት ላይ እርጥብ ነገር ከተገኘ ጠብታው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጨመር፤ የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይቀላቀላል፣ የሞተር ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። የላብራቶሪን ቦታ አይተካም፣ የት መፈለግ እንዳለበት ግን ያሳያል። ዝናብ ከቀደመ የፍሬን ዘይቱ ታጥቦ ይሄዳል፤ ክረምት ላይ በዚህ አይቀለድም።

ፊልሞቹ የማይነኩት፣ በመንገዳችን ላይ ግን ከቱቦ ይልቅ የሚያሰጋው ጎማውን ቡሎኑ ላይ የሚያጠብቀው ዳዶ ነው። ጎማ ወልቆ መኪና ከተገለበጠ «ዳዶውን ማን ፈታው?» ይባላል። ቸርኬውን፣ ጎማው የተገጠመበትን ብረት፣ ማየት ነው። ዳዶው ቀድሞ ላልቶ ከነበረ ጎማው እየተወዛወዘ ቀዳዳዎቹን ያሰፋቸዋል፤ ክብነታቸው ጠፍቶ እንቁላል ይመስላሉ፤ የቡሎኖቹ ጥርስም ተፍቆ ያብረቀርቃል። በግጭቱ ከተሰበረ ቀዳዳው ክብ እንደሆነ ይቀራል፣ ቡሎኑ ብቻ ይቆረጣል። ላልቶ የነበረ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጠላት አይደለም፤ ጎሚስታ መቼ ፈታው፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላስ ተመልሶ ጠብቋል ወይ የሚል ነው።

በእሽቅድድም ሞት ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ማን ነበር የሚነዳው? በሕይወት የተረፈው «ሟቹ ነበር» ማለት ይቀለዋል። በግራ በኩል መሪ ባለው መኪና የሾፌሩ ቀበቶ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ዳሌ ይወርዳል፤ የተሳፋሪው ከቀኝ ወደ ግራ። ቀበቶ ያሰረ ሰው አካል ላይ የሚቀረው ሰንበር ይህንኑ ይከተላል። የጫማ ሶል ላይ የፔዳል ጎማ መስመር ታትሞ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ልብሱና ጫማው ከሆስፒታል በፌስታል ለቤተሰብ ተሰጥቶ መታጠብ የለበትም። በተረፈው ሰው ላይ ያለው ሰንበር ደግሞ ሳይደበዝዝ ሐኪም አይቶ ይመዝግበው።

የጎማ ጭረትን ፕላን የሚያነሳው ፖሊስ ይለካዋል፤ በደረቅና ሜዳማ አስፋልት ላይ 30 ሜትር ተቆልፎ የተጎተተ መኪና ፍሬን ሲይዝ ቢያንስ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ስሌቱ ይቀየራል። ጭረት አለመኖሩ ግን ብቻውን ሾፌሩ ፍሬን አለመርገጡን አያሳይም። መርገጥ አለመርገጡን የምታሳይ ትንሽ ነገር አለች፦ የኋላ ፍሬን መብራት አምፖል። ግጭቱ ሲደርስ እየበራ የነበረ አምፖል ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ ለስላሳ ስለሆነ ተዘርግቶ፣ ተጠምዝዞ ይገኛል። ጠፍቶ የነበረ ሽቦ ወይ እንዳለ ይቀራል ወይ ጥርት ብሎ ይሰበራል። ብርጭቆው እየበራ ከተሰበረ ሽቦው ላይ ነጣ፣ ቢጫ ያለ አቧራ ይታያል። ይህ በኤልኢዲ መብራት አይሠራም። «ይሠራል ወይ?» ብሎ ማብሪያውን መጫንም ምልክቱን ማጥፋት ነው።

ቀጥታ እሽቅድድሙ ባደገበት አሜሪካ ሞትን እንዴት እንደሚይዙት ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ስኮት ካሊታ የተባለ ተወዳዳሪ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኢንግሊሽታውን በሞተር ፍንዳታና በእሳት ተይዞ፣ ፍጥነት መቀነሻ ፓራሹቱም ተጎድቶበት፣ መኪናው ከመቆሚያው አልፎ ሞተ። «መቼም የፍጥነት ነገር» ብለው አልተዉትም። በቀጣዩ ወር ውድድሩን የሚመራው ማኅበር ለሁለቱ ፈጣን ምድቦች የውድድሩን ርቀት ከ402 ሜትር ወደ 305 አሳጠረው። ምክንያት ከተፈለገ የሚስተካከል ነገር ይገኛል። እኛ ሁሉን ለፍሬን እየሰጠን ስለምንሄድ የምናስተካክለውን አናውቀውም።

ሕጉ በቦታው አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሆን ብሎ መግደልን በአንቀጽ 539 እና 540፣ በቸልተኝነት መግደልን በ543 ለይቶ አስቀምጧል። ዘይቱን ለዓመታት ያልቀየረ ባለንብረት፣ ዳዶ ያላጠበቀ ሠራተኛ፣ ቱቦ የቆረጠ ጠላት አንድ መዝገብ ውስጥ አይገቡም። የሚለያቸው ደግሞ መኪናው ነው። ለዚህም መኪናው በፖሊስ ግቢ ታሽጎ ይቆይ፤ የሰው ሞት ባለበት ጉዳይ የቴክኒክ ምርመራው ሪፖርት ተጽፎ፣ ቤተሰቡም የሚያምነውን መካኒክ በታዛቢነት አቁሞ ካላየ በስተቀር አይለቀቅ። ወጪው የክሬን ኪራይና የጥቂት ቀን ማቆሚያ ነው።

ጓደኛስ ምን ያድርግ? ፎቶ ያንሳ። መኪናው ሳይነካ ከአራቱም አቅጣጫ፣ የማርሹን ቦታ፣ የእጅ ፍሬኑን፣ የዘይት ማጠራቀሚያውን፣ እያንዳንዱን ጎማ፤ ሁሉንም ሰሌዳው ከሚታይበት ፎቶ ጋር። ያዩትን ሰዎች ስምና ስልክ ሳይውል ሳያድር ጽፎ ለመርማሪው ይስጥ። ድንኳን ተጥሎ ሰው መቀመጥ ከጀመረ በኋላ የሁሉም ምስክርነት አንድ ዓይነት እየሆነ ይሄዳል፤ በሣልስቱ ያላየውም ሰው አይቻለሁ ይላል። ዘፋኝ ከሆነች ደግሞ ጥርጣሬዋን ቲክቶክ ላይ ከመልቀቋ በፊት ታስብ፤ ብዙ ተከታይ ያላት ሰው ስም ከጠራች ምስክሩ የሚያወራው ያየውን ሳይሆን የሰማውን ይሆናል። ከመኪናው ላይ ግን ምንም አትፍታ። ያቺ ቦርሳ ውስጥ የገባችው ቱቦ ፊልሙ ላይ ገዳዩን ታስይዛለች፤ እውነተኛ ችሎት ላይ ግን የተከሳሹ ጠበቃ «ከመኪናው ላይ ማን ፈታው? ማን ዘንድስ አደረ?» ብሎ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ይቀመጣል።