ሽሮም ቅንጦት ሆነ?

በቃ መረረኝ! ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ኪስ ሳይራቆት ጥሩ ሽሮ በልቶ መውጣት ይህን ያህል ይከብዳል? ትናንት ሜኑው ላይ ያየሁት ዋጋና ቢሉ ጭራሽ አልተገናኙም። 15 በመቶ ቫት፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ። ታዲያ መጀመሪያውኑ ደምራችሁ አትጽፉትም? ሽሮዋ እየተንተከተከች መጣች፤ ገና ጥቂት እንደጎረስን የድስቷ ቂጥ ታየ። እንጀራው ዳር ዳሩ ደርቋል። ጨምሩልን ስንል "ይከፈልበታል" ተባልን። ለእንጀራ! ከአሜሪካ የመጡት አክስቴ ፊት አፈርኩ። ሶፋው ይበላል? ጆሮ የሚያደነቁረው ሙዚቃስ? እኛን የራበን ምግብ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብለው ያሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች እኮ በዚያው ጤፍ፣ በዚያው በርበሬ ሰው ያጠግባሉ። እነሱ እንዴት ቻሉ?