የአድዋ ልጆች፣ ፊሊፒንሶችን አትናቁ

ወገኖቼ፣ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር በየመድረኩ የምንሰማው አንድ ክፉ ንግግር አለ፦ «ሌሎቹ ስላልታገሉ ተገዙ!» ኧረ እንተው! አባቶቻችን የሞቱት ሌላውን እንድንንቅበት አይደለም። አድዋ በዋለበት በዚያው በ1896 እ.ኤ.አ.፣ ዲሴምበር 30፣ ፊሊፒንስን በቅኝ ትገዛ የነበረችው ስፔን ፊሊፒናዊውን የዓይን ሐኪምና ደራሲ ሆሴ ሪዛልን ማኒላ ላይ በጥይት ደብድባ ገድላለች። ጥፋቱ መጻፉ ነበር።

ከመፍረዳችሁ በፊት ምን እንደገጠማቸው እወቁ። በፊሊፒንስ ገጠር መንግሥት ማለት ስፔናዊው መነኩሴ ነበር። ሰበካው በእጁ፣ ትምህርት ቤቱ በእሱ ቁጥጥር፣ ሰፋፊው ርስት ደግሞ የመነኮሳቱ ማኅበር። «መሬት ላራሹ» ብሎ የጮኸ ሕዝብ ይህ ሊጠፋው አይገባም። በ1888 (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ የሪዛል የትውልድ ከተማ የካላምባ ጭሰኞች በሪዛል አጋዥነት ዶሚኒካን የተባሉትን የካቶሊክ መነኮሳት ርስት ጉዳይ በጽሑፍ አቀረቡ፤ ምርት ሲቀንስ ኪራይ ይጨመርብናል፣ መንጥረን ያለማነውን መሬት እንነጠቃለን ብለው ፈረሙበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወታደር መጣባቸው፤ የሪዛል ቤተሰብ ሳይቀር ከቤቱ ተባረረ።

«ታዲያ ነፃነት ለምን አልጠየቁም?» የምትሉም አላችሁ። በ1872 ሦስት አገር በቀል ቄሶች በአመጽ ተወንጅለው አደባባይ ላይ አንገታቸው ታንቆ ተገድሏል። ከዚያ በኋላ የመጡት ምሁራን በስፔን ምክር ቤት ውክልና፣ በሕግ ፊት እኩልነት፣ የፕሬስ ነፃነት፣ በመነኮሳቱ ፋንታ የአገር ልጅ ቄስ ጠየቁ። ትንሽ ይመስላችኋል? እያንዳንዱ ጥያቄ እስርና ግዞት ያስከትል ነበር።

ብልሃታቸውንም እዩ። ከእነዚሁ ምሁራን አንዱ ማርሴሎ ዴል ፒላር ገበሬው በቃሉ የሚያውቀውን አባታችን ሆይ፣ ዜማውን ሳይለቅ፣ በአገሬው በታጋሎግ ቋንቋ፣ ገዳም ውስጥ ለሚኖረው ገንዘብ ወዳድ መነኩሴ እንደሚደገም ጸሎት አድርጎ ጻፈው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አንዴ ከሰማው አይረሳውም።

ድክመታቸውንም አልሸሽግም። «ላ ሶሊዳሪዳድ» የተባለው ጋዜጣቸው ከፌብሩዋሪ 1889 ጀምሮ መጀመሪያ በባርሴሎና፣ በኋላም በማድሪድ በየ15 ቀኑ ሲወጣ የተጻፈው በስፔንኛ ነበር፤ ስፔንኛ የሚያነበው ፊሊፒናዊ ደግሞ ጥቂት ነው። በ1891 መግቢያ ማድሪድ ላይ መሪ እንምረጥ ብለው በሪዛልና በዴል ፒላር ደጋፊዎች ተከፈሉ፤ ሪዛል ቢመረጥም ትቶት ሄደ። ገንዘቡም አልበረከተም። በአገር ቤት ደጋፊዎች በነፍስ ወከፍ በወር 5 ፔሶ ለማዋጣት ቃል ቢገቡም ጋዜጣው በኖቬምበር 1895 ተዘጋ። ዴል ፒላር በጁላይ 1896 ባርሴሎና ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ፣ በችጋር ሞተ።

በቀጣዩ ወር አብዮቱ ፈነዳ። የመራው አንድሬስ ቦኒፋሲዮ የሚባል የመጋዘን ሠራተኛ ነው። የሪዛልን ልብ ወለዶች አንብቧል፤ በጁላይ 1892 ሪዛል ማኒላ ውስጥ ማኅበር ሲያቋቁምም በቦታው ነበር። ሪዛል በቀናት ውስጥ ተይዞ ወደ ግዞት ሲላክ፣ ቦኒፋሲዮ ካቲፑናን የተባለውን የትጥቅ ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። እንግዲህ «አልታገሉም» የምትሉት የትኛውን ሰው ነው?